መብራቱን አጥፉ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ከርሟል። ጉዳዩ ከተወለዱ በኋላ ቢጫ ለሚሆኑ ሕፃናት የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ፎቶቴራፒ የምንለው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ቢጫነቱ በራሱ ይለቃል። መብራቱ ግን የሕፃኑን ካልሲየም ያወርዳል። ውሃውን ያደርቃል፤ ስለዚህ የስኳር ውሃ ይሰጠው። ቫይታሚኑን ያጠፋል። ጨረሩ አልትራቫዮሌት ነው፤ ልጁ ሲያድግ ለስኳር በሽታና ለካንሰር ይዳርገዋል። እንግዲህ ወላጆች እምቢ በሉ፣ ልጃችሁን መስኮት ዳር ፀሐይ አሙቁት፣ ይበቃዋል ይላል።

እኔ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ውሸት ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ብርሃኑ ቢጫነቱን ከሚያመጣው ከቢሊሩቢን ሌላ በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ የሚነካካው ነገር አለ። ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም የሚል ባለሙያ ካለ እሱም ተሳስቷል። ጸሐፊው የሳቱት ከእውነቱ ተነሥተው የደረሱበት ቦታ ላይ ነው። ብርሃኑ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ጉዳት ስላለው ብቻ አይጣልም። ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ተብሎ ይመጠናል። ጽሑፉ ውስጥ ያጣሁት ይህን ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌአለሁ።

ቢጫነቱ በራሱ ይለቃል የሚለው ይቅደም። ለአብዛኛው ሕፃን እውነት ነው። በጊዜያቸው ከተወለዱት 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሕፃን ቀይ የደም ሴል ዕድሜው ከአዋቂው ያጠረ ነው። ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ይህን ቢሊሩቢን በውሃ እንዲሟሟ አድርጎ ወደ ሐሞት የሚልከው የጉበት ኢንዛይም ደግሞ ገና አልጠነከረም። ጉበት የላከውም ቢሆን አንጀት ውስጥ ሲቆይ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ቢሊሩቢኑ ይጠራቀማል፤ በጊዜው በተወለደ ሕፃን ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጣራ ይነካና ከዚያ ይወርዳል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። ከዚህ ያለው ግን ነው ዋናው። የደም ዓይነታቸው ከእናታቸው ጋር ያልተስማማ፣ ቀይ የደም ሴልን ከመፍረስ የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ጡት በቅጡ ያልያዙ ሕፃናት አሉ። የእነዚህ ቢሊሩቢን ጣራው ላይ ላይቆም ይችላል። መጠኑ በጣም ሲያልፍ ወደ አንጎል ይገባል። ከርኒክተረስ የሚባለው ጉዳት ያኔ ይመጣል። ልጁ እጅና እግሩን እንደ ልቡ ማዘዝ ያቅተዋል። መስማት ሊሳነው ይችላል። ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣት ይከብደዋል። አንዴ ከደረሰ ደግሞ የሚመልሰው ሕክምና የለም። በተለይ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን ካለ በራሱ ይለቃል ብሎ መቀመጥ አይገባም። ያ ቢጫነት በሽታ ነው ተብሎ መመርመር አለበት።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። አንባቢ እንዲፈርድ በመጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ይወቅ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1956 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምትንከባከብ ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናቱን ፀሐይ ወዳለበት ግቢ ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ አሳየች። ገላው ፈዘዝ ብሏል፤ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ብቻ ግን ደማቅ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። አንሶላው የሸፈነው ቦታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ላይ የተረሳ የደም ናሙና ሲለካ ቢሊሩቢኑ ከተጠበቀው አንሶ ተገኘ። ክሬመርና ባልደረቦቹ ይህን ይዘው የመብራት መሣሪያ ሠሩ፤ ውጤቱንም በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። እኛ ዛሬም ለቢሊሩቢን የቀዳነውን ደም ብርሃን እንዳያየው ቱቦውን በፎይል የምንጠቀልለው በዚሁ ምክንያት ነው። ካልጠቀለልነው ውጤቱ ሐሰት ይሆናል።

ብርሃኑ ቢሊሩቢንን አያቃጥለውም። የሞለኪሉን ቅርጽ ይለውጠዋል። ቆዳ ሥር ባለው ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን ሰማያዊውን ብርሃን ሲጠጣ ከፊሉ ይታጠፋል፣ ከፊሉ ሉሚሩቢን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። እነዚህ አዲሶቹ በውሃ ይሟሟሉ። የጉበቱን ደካማ ኢንዛይም ሳይጠብቁ በሐሞትና በሽንት ይወጣሉ። ጉበት ገና ያልቻለውን ሥራ ብርሃኑ ቆዳ ላይ ይሠራለታል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ውሃ ስናወራ እንመለስበታለን።

ጨረሩ አልትራቫዮሌት ነው የሚለው ፈጽሞ ስሕተት ነው። ለዚህ ሕክምና የሚመረጠው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ነው። አልትራቫዮሌት ከ400 ናኖሜትር በታች ነው። የዛሬዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች አልትራቫዮሌት አያወጡም ማለት ይቻላል፤ የድሮዎቹ ቱቦ መብራቶችም በመከላከያ ፕላስቲክ ይሸፈናሉ። የሕፃኑን ዓይን የምንሸፍነው ኃይለኛው ብርሃን ሬቲናን እንዳይጎዳ ነው። በነገራችን ላይ ያቺ መሸፈኛ ተንሸራታ አፍንጫ ላይ እንዳትወርድ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። ወላጅ አጠገቡ ካለ ይህን ይከታተልልን። ከአልትራቫዮሌቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ካልሲየሙ ላይ ግን ቆም እንበል። የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው፤ የተጣመመውም እዚሁ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ መብራት ሥር የቆዩ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የደም ካልሲየማቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱ ተዘገበ። በ1981 ሃካንሰንና በርግስትሮም የተባሉ ተመራማሪዎች ገና የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን ብርሃን ሥር አደረጉ። ካልሲየማቸው ወረደ። ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ሲሰጧቸው ግን አልወረደም። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ማብራሪያ ተሰጠ። ብርሃኑ አንጎል ውስጥ ያለው ፓይኒያል የተባለው ዕጢ ሜላቶኒን እንዳያመነጭ ይገታዋል። ሜላቶኒን ሲያንስ ኮርቲሶል የተባለው ሌላ ሆርሞን ልጓሙ ይላላለታል። ያኔ አጥንት ካልሲየምን ከደም ይስባል። በዚህ ማብራሪያ ካልሲየሙ የትም አልሄደም፤ ከደም ወደ አጥንት ገባ እንጂ። ሌሎች ደግሞ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም እንደሚጨምር፣ የደም ካልሲየምን ከፍ የሚያደርገው የፓራታይሮይድ ሆርሞንም እንደሚቀንስ ጽፈዋል። የትኛው መንገድ ዋነኛው እንደሆነ እስካሁን አንድ መልስ ላይ አልተደረሰም።

ስለዚህ ካልሲየም ይወርዳል የሚለው ልክ ነው። ጸሐፊው ያላሉት ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሕፃን፣ መብራት ያየም ያላየም፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የደም ካልሲየሙ ይወርዳል። እስከ ልደት ድረስ በእንግዴ ልጁ በኩል ሲመጣለት የነበረው ካልሲየም በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። የራሱ ፓራታይሮይድ ዕጢ ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። የእነዚህን ቀናት ልኬት ይዞ ሁሉንም በመብራቱ ማላከክ አይቻልም። መብራት ያላዩ እኩዮቻቸውን አጠገብ አስቀምጦ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ወረደ ማለት አነሰ ማለት አይደለም። በጊዜው በተወለደ ሕፃን አነሰ የምንለው ጠቅላላ ካልሲየሙ ከ8 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ያለጊዜው በተወለደ ደግሞ ከ7 በታች። ብዙዎቹ ሕፃናት ትንሽ ዝቅ ይላሉ እንጂ ከዚህ አይወርዱም። ከወረዱትም ውስጥ አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያሳዩም። መብራቱ ሲጠፋም ተመልሶ ይስተካከላል። ጽሑፉ ላይ እንደ ዕለት ተዕለት ነገር የቀረበው ማንዘፍዘፍ ብርቅ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያስቆጣኝ ነው። ጸሐፊው መብራት ሥር የገባ ሕፃን ሁሉ በደም ሥር ካልሲየም ይሰጠው ይላሉ። ይህን በየዋህነት የሰማ ወላጅ ነርሷን ቢጣላ አልፈርድበትም። ካልሲየም በደም ሥር መስጠት ግን ቀላል ነገር አይደለም። በፍጥነት ከገባ የልብ ምትን ያዘገያል። መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቶ ካልሲየሙ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድለዋል። በሕፃን እጅ ላይ የሚቀረውን ጠባሳ ያየ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይጽፍም። የሕክምና መመሪያዎች ለሁሉም ሕፃን ካልሲየም በጅምላ እንዲሰጥ የማያዙትም ለዚህ ነው። መለካት ያለበት አለ፤ በጣም ያለጊዜው የተወለደ፣ የታመመ፣ እናቱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነች፣ ብዙ ቀን መብራት ሥር የቆየ፣ ወይም እጁና አገጩ ያለማቋረጥ የሚርገበገብ ሕፃን። ለእነዚህ ይለካል። ካነሰ ይተካል። በቃ።

ውሃው ላይ ደግሞ ግማሽ እውነት አለ፤ መፍትሔው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሕፃኑ ያለ ልብስ መብራት ሥር ሲተኛ በቆዳው በኩል የሚተነው ውሃ ይጨምራል። በድሮዎቹ፣ ሙቀት በሚያወጡት መብራቶች ይህ ትልቅ ችግር ነበር። ኤልኢዲ ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ጉዳዩ ቀሏል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሰገራውም ይላላል፣ ይበዛል፣ አረንጓዴ መሰል ይሆናል። ወላጅ ዳይፐር ሲከፍት ይደነግጣል። አትደንግጡ። በሐሞት በኩል እየወጣ ያለው ያው ቢጫ ነገር ነው። ሽንቱም ጠቆር ሊል ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሕክምናው ይህን ይመስላል።

ታዲያ የስኳር ውሃ እንስጠው? አይሆንም። የስኳር ውሃ ቢሊሩቢንን አያወርድም። እንዲያውም ሆዱን ሞልቶ ጡት እንዳይፈልግ ያደርገዋል። ወተት ያነሰው ሕፃን አንጀቱ ይሰንፋል። አንጀቱ ሲሰንፍ ሐሞት ያወረደው ቢሊሩቢን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ በአንድ ኩባያ ስኳር ውሃ የመብራቱን ሥራ አበላሸነው ማለት ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ብርሃኑ የለወጠው ቢሊሩቢን የሚወጣው በሽንትና በሰገራ ነው። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው ወተት ነው። ስለዚህ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ካልቻለ የታለበ የእናት ወተት ይሰጠው። ቢሊሩቢኑ አደገኛ ደረጃ ላይ ካልሆነ በቀር እናቱ ከመብራቱ አውጥታ፣ የዓይን መሸፈኛውን አንሥታ፣ አቅፋ ልታጠባው ትችላለች። ለዚያች ጊዜ መብራቱ ቢቋረጥ ጉዳት የለውም።

ድርቀቱን የምንቆጣጠረው በሚዛንና በዳይፐር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃን ክብደት መቀነሱ ያለ ነገር ነው። ቅናሹ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ቆም ብሎ አመጋገቡን መፈተሽ ግድ ይላል። በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልገው በእውነት ለደረቀ ወይም ቢሊሩቢኑ አደገኛ ከፍታ ላይ ለደረሰ ሕፃን ነው።

ቫይታሚን ያጠፋል ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። የሚነካው በዋናነት ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2 ነው። እሱም ሰማያዊ ብርሃን የሚጠጣ ንጥረ ነገር ስለሆነ መብራቱ ሲበራ ይፈራርሳል። በሕክምናው ጊዜ መጠኑ እንደሚወርድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ሕፃኑ ወተት እየጠጣ መብራቱ ሲጠፋ ይተካል። ጸሐፊው ቫይታሚን ዲንም ከዚሁ ጋር ደባልቀውታል፤ እሱ የሚሠራውም የሚነካውም በሌላ የጨረር ክፍል ነው። ሰማያዊ መብራት ቫይታሚን ዲ አይሠራም። አለቀ።

የስኳር በሽታው ክስ ግን መነሻ አለው። በ2003 ከስዊድን የወጣ አንድ ጥናት በብርሃን ሕክምናና በልጅነት ስኳር በሽታ መካከል ዝምድና ያለ ይመስላል ብሎ ነበር። ጽሑፉ ይህን ይዞ ሮጠ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አላነሣም። በ2016 በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ1995 እስከ 2011 የተወለዱ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሌሎቹ ምክንያቶች ከተቀናነሱ በኋላ የብርሃን ሕክምናው ከስኳር በሽታው ጋር ዝምድና አልተገኘበትም። መብራት ሥር የገባ ሕፃን ድሮውንም ካልገባው ይለያል፤ ቢጫ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያለጊዜው የተወለደ ነው፣ አንዳንዴም ሌላ ሕመም አለው። ይህ ሳይቀነስ መብራቱን መወንጀል ውሃ የማያነሣ ክርክር ነው።

ካንሰሩም ተመሳሳይ ነው፤ ትንሽ ግን ይወሳሰባል። በዚያው በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ወጡ። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ያየው አንደኛው በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት በሚከሰቱ አንዳንድ ካንሰሮች ላይ ትንሽ ጭማሪ አገኘ። ሁለተኛው ሌሎቹን ምክንያቶች ካስተካከለ በኋላ ጭማሪው በስታቲስቲክስ የሚቆም ሆኖ አላገኘውም። በሕፃንነት የሚመጣ ካንሰር እጅግ ብርቅ ስለሆነ ጭማሪው እውነት ቢሆን እንኳ ለአንድ ሕፃን የሚጨምረው ሥጋት በጣም ትንሽ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው ምክር መብራቱ ለማያስፈልገው ሕፃን አታብሩ የሚል ነው። ለሚያስፈልገው አጥፉ የሚል አይወጣቸውም።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ተጨባብጠን የምንሄድበት ነገር አለ። አላስፈላጊ ብርሃን ይበዛል። አንድ የ2009 ጥናት ቢሊሩቢናቸው ከሕክምናው ድንበር እምብዛም ያላለፉ ሕፃናትን አየ። ጥያቄው አንድን ሕፃን ደሙን በሌላ ሰው ደም መለወጥ ወደሚያስፈልግበት መጠን እንዳይደርስ ለማድረግ ስንት ሕፃን መብራት ሥር መግባት አለበት የሚል ነበር። በ36 ሳምንት ተወልዶ ገና 24 ሰዓት ላልሞላው ወንድ ሕፃን መልሱ 10 ነበር። በ41 ሳምንት ተወልዳ ሦስት ቀን ለሞላት ሴት ሕፃን ደግሞ 3,041። ያው መብራት፣ ያው ቢጫነት፤ ጥቅሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 መመሪያውን ሲያሻሽል ሕክምናው የሚጀመርበትን ድንበር ከፍ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ቢሊሩቢኑ ሕክምናው ከተጀመረበት ድንበር ቢያንስ በ2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ዝቅ ሲል ማቆም እንደሚቻልም ተናግሯል። ለማንኛውም አንድ ቀን ይጨመርለት የሚለው ልማድ መቅረት አለበት።

ጥንካሬውም ከመጠኑ ጋር የሚሄድ ጉዳይ ነው። ጠንከር ያለ ሕክምና የሚባለው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በናኖሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት ሲደርስ ነው። ይህ በመለኪያ ይታወቃል፤ በዓይን አይታወቅም። መብራቱ ከሕፃኑ ከራቀ፣ ወይም ቱቦው ካረጀ፣ ወይም ሕፃኑ ተጠቅልሎ ከተኛ ክፍሉ ሰማያዊ ይሆናል እንጂ ሕክምና የለም። ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ፣ ውሃው እየተነነ፣ ቀኑ እየረዘመ በከንቱ ይተኛል። ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የሚጨነቅ ወላጅ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፤ ጥንካሬው ተለክቷል ወይ? ዳይፐሩ ብቻ ቀርቶ ሌላው ገላ ተገልጧል ወይ? ጠንካራ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ከደካማ ብርሃን ለረዥም ጊዜ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያላነሡትን ላንሣላቸው። የሕክምናው ከባዱ ጥያቄ ያለው በጊዜያቸው በተወለዱት ላይ አይደለም። እጅግ ትንንሾቹ ላይ ነው።

በ2008 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሲወለዱ ከ1,000 ግራም ያልበለጡ 1,974 ሕፃናትን በዕጣ ሁለት ቦታ ከፈለ። አንደኛው ቡድን በጊዜ ተጀምሮ ጠበቅ ያለ የብርሃን ሕክምና አገኘ። ሌላው ቢሊሩቢኑ ከፍ እስኪል ተጠበቀ። ሞትና የአንጎል ዕድገት ጉዳት አንድ ላይ ሲደመሩ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። የዕድገት ጉዳት ብቻውን ሲታይ ሕክምናው በጊዜ በተጀመረለት ቡድን ቀነሰ፤ 30 በመቶ የነበረው 26 ሆነ። ከ501 እስከ 750 ግራም በሚመዝኑት ላይ ግን በጊዜ በተጀመረለት ቡድን 39 በመቶ ሞቱ፣ በሌላው 34። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችልበት ዕድል አልተዘጋም። ሆኖም ዓይን ጨፍኖ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

ምክንያቱን መገመት ይቻላል። የእነዚህ ሕፃናት ቆዳ ስስ ነው፤ ደም ሥሩ ከላይ ይታያል። ብርሃኑ ዘልቆ ይገባል። ቢሊሩቢንም ክፉ ብቻ አይደለም፤ በመጠኑ ሲሆን ሰውነትን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚከላከል ነገር ነው። እነዚህ ሕፃናት የራሳቸው መከላከያ ገና አልተደራጀም። ያለቻቸውን ፈጥኖ ማውረድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ብዙዎቹ በደም ሥር ስለሚመገቡ ሌላም ነገር አለ። ቫይታሚንና ቅባት ያለበት ምግብ ብርሃን ሲያየው ፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠርበታል። ከረጢቱንና ቱቦውን ከብርሃን መሸፈን የሚመከረው ለዚህ ነው። የጎንዮሽ ጉዳት የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ጽሑፉ ይህን ትቶ በ39 ሳምንት ተወልዶ ጡት እየጠባ ያለውን ደንዳና ልጅ እናት አስፈራራ።

የቀረችው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ቢሊሩቢንን ታወርዳለች፤ ሕክምናው የተጀመረውም በእሷ ነው። ግን አልትራቫዮሌት ያለው ፀሐይ ውስጥ ነው። ጸሐፊው መብራቱን ከሰሱበትና መድኃኒቱ ውስጥ ጨመሩት። ከዚህ ሌላ መጠኗ አይታወቅም፤ ደመና ሲመጣ ይለወጣል። እርቃኑን የተኛ ሕፃን ሊቃጠል፣ ሊሞቀው ወይም ሊበርደው ይችላል። በ2015 ናይጄሪያ ውስጥ የተሠራ ጥናት የፀሐይ ብርሃን እንደ መብራቱ ሊያገለግል እንደሚችል አሳይቷል። ሕፃናቱ የተኙት ግን አልትራቫዮሌቱንና ሙቀቱን በሚያጣራ ፕላስቲክ በተሸፈነ ድንኳን ሥር ነበር። ሙቀታቸው እየተለካ፣ ቢሊሩቢናቸው እየተመረመረ፣ ባለሙያ አጠገባቸው ሆኖ። ያ ከመስኮት ዳር ጋር አይገናኝም።

ፀሐይ ሌላም ወጥመድ አላት። ብርሃን ያገኘው ቆዳ ቶሎ ይፈዝዛል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን ግን ገና ከፍ እንዳለ ሊሆን ይችላል። ልጁ ነጣ፣ ተሻለው ብሎ ቤት ማስቀመጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛም መብራት ሥር ያለን ሕፃን በዓይን አናምንም፤ ደም ቀድተን እንለካለን። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ቢሊሩቢን ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል፣ በተለይ ደሙ እየፈረሰ ላለ ወይም ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን፣ ዳግም ልኬት ቀጠሮ ይሰጣል። ያ ቀጠሮ አይቅርባችሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ቢጫ የሆነ፣ ሰገራው ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ሕፃን ካለ ለእሱ መብራቱም ፀሐይዋም መልስ አይደሉም። ሐሞቱ መውጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ብርሃን ሥር ሲገባ ቆዳው እንደ ነሐስ የሚጠቁርበት ጊዜም አለ። የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው 60 ቀን ሳይሞላው ቢደረግ ይሻላል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።